ማንጎ የሚበሉ ሙታን

አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ላይ ጠመንጃ ደግኗል፤ የደገነውም በእኔ ምክንያት ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጠመንጃ የተደገነባቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ከወሎ መጥተን አሶሳ አጠገብ በሰፈርን በሁለተኛው ዓመት ነው። መንደራችን ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ነበራት። ቤቶቹ በመስመር የተሠሩና አንድ ዓይነት ስለነበሩ እናቴ በመጀመሪያው ሰሞን ሁለት ጊዜ የሰው ቤት ገብታ እሳት አንድዳለች። ሰዉ ከየወረዳው ተሰባስቦ የመጣ ስለሆነ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ምን ትቶ እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን አምኖ መቀበል ነው።

አባቴ ታረቀኝ የመንደሩ ሚሊሺያ ነበር። አንድ ምንሽርና ሁለት ጥይት ተሰጥቶታል። ጥይቶቹን ማታ ማታ በጨርቅ እየወለወለ ትራሱ ሥር ያስቀምጣቸውና ጠዋት የት እንዳስቀመጣቸው እናቴን ይጠይቃታል።

ከሙታኑ አንዷ እትዬ የወርቅውሃ ነበረች። የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ ናት። እናቶች ወደ ጋራ እርሻው ሲወጡ ሠላሳ የሚሆን ሕፃን እሷ ላይ ይጣላል፤ ሠላሳውም አንድ ላይ ቢያለቅስ ከእሷ ድምፅ አይበልጥም። ባሏ በድርቁ ዘመን ሞቶባት ብቻዋን እንደመጣች ሁሉም ያውቃል፤ እሷው ሳትሰለች ትነግረዋለችና።

ሁለተኛው አያ ካሣዬ ነው። ጥር ላይ ከሌላ የሰፈራ መንደር ተዛውሮ መጣና ደወል መቺ ሆነ። ደወላችን ትልቁ ማንጎ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ጠዋት ለሥራ፣ ቀትር ላይ ለምሳ፣ አመሻሽ ላይ ለስብሰባ በብረት ይመታል። አያ ካሣዬም ሚስቱ ሞታበት የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ቸርኬውን በመታበት ጠዋት እትዬ የወርቅውሃ ከቤቷ ብቅ ብላ አየችውና እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ፀሐይ መታት ተባለ። ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር፤ ያን ግን ማንም ልብ አላለውም።

እሑድ እሑድ ከስብሰባ በኋላ ትልልቆቹ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ያገራቸውን ያወራሉ፤ የሞተባቸውንም ያነሳሉ። እኔ እናቴ ጉልበት ላይ ተደግፌ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን እትዬ የወርቅውሃ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፦

«የኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር» አለች። «ብቻ ሲያንኮራፋ ከብቶቹ በረት ሰብረው ይወጡ ነበር።»

አያ ካሣዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የኔም ሚስት፣ ነፍሷን ይማራት፣ ባለሙያ ነበረች። ብቻ ወጥ ላይ ጨው ስትጨምር እጇ አይታዘዝላትም።»

«እሷን ያገባ ሰው ምላሱ ላይ የሆነ ነገር ነበረበት ይሆናል።»

«ያንቺም ሰውዬ ቀን እንቅልፍ የሚያሳጣው ነገር ነበረበት ይሆናል።»

«ነፍሱን ይማረው አልኩህ እኮ።»

«እኔም ነፍሷን ይማራት ብያለሁ።»

እናቴ እንባዋን ጠረገችና «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» አለች። እኔም እንባዬን ጠረግሁ። ያ ለቅሶ እንዳልነበረ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ማክሰኞ ትንሹን ወንድሜን ከማቆያው ላመጣ ሄድኩ። በጓሮ በኩል፣ ከቀርከሃው አጥር ወዲያ፣ ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማሁና ቆምኩ።

«እዚህ ድረስ አትምጣ አላልኩህም?» ትላለች እትዬ የወርቅውሃ። «አንተ እኮ ሞተሃል።»

«አንቺስ? ከሞትሽ ሁለት ዓመት አላለፈሽም?» የሚላት አያ ካሣዬ ነው።

«እንግዲያው እንደሞትክ ቅር።»

«ቀድመሽ የሞትሽው አንቺ ነሽ።»

«ዋሸህ። መጀመሪያ የሞትከው አንተ ነህ።»

እግሬ እስኪነቃ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ እናቴ «ልጁስ?» አለችኝ። «ሙታኑ ጋ ነው» አልኳት። ጥፊ አቀመሰችኝና ራሷ ሄዳ አመጣችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የሚያስፈራኝ መሞታቸው ብቻ አልነበረም፤ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሞተ እንኳ አለመስማማታቸው ነው። ከኛ ቀጥሎ ባለው መስመር የምትኖር አንዲት ልጅ ሙት ጨው አይቀምስም ብላ ነግራኝ ነበርና ልፈትናቸው ቆረጥኩ። የበቆሎ ቆሎ ቆላሁ። ከቤት ጨው ውስጥም ግማሹን ገለበጥኩበት፤ ጥርጣሬ እንዳይኖር። አያ ካሣዬን ቸርኬው ሥር ተቀምጦ አገኘሁትና ዘረጋሁለት። አንድ ዕፍኝ አፉ ውስጥ ጨመረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ዞር ብሎም ተፋው።

«አንቺ ልጅ» አለ ቆይቶ፣ «እንዲህ ያለ ጨው የቀመስኩት አንድ ሰው ቤት ብቻ ነው።»

አልዋጠውም። ሙት መሆኑ ተረጋገጠ።

ይህን ለማን ልንገር? አባቴ አያዳምጥም፤ እናቴ ጥፊ አላት። የቀረችኝ ብኸይታ ናት። ብኸይታ ከአጠገባችን ካለው የበርታ መንደር ማንጎ በትልቅ ቅርጫት ተሸክማ እየመጣች ከማቆያው በታች መንገድ ዳር የምትሸጥ፣ ሁሉን እያየች ዝም የምትል ሴት ነበረች። አማርኛ ብዙ የማትሰማ እየመሰላቸው ሰዎቻችን ምስጢራቸውን እፊቷ ያወራሉ። እሷ ግን ከነሱ ውስጥ የሦስቱን አነጋገር አስመስላ ማውራት ትችል ነበር።

«ብኸይታ፣ ሙት ማንጎ ይበላል?» አልኳት።

«የቱ ሙት?»

በአገጬ አሳየኋት። አያ ካሣዬ በአንድ በኩል፣ እትዬ የወርቅውሃ በሌላ በኩል ወደ ቅርጫቱ እየመጡ ነበር። ሁለቱም እንደማይተዋወቅ ሰው ሌላ ሌላ ቦታ ያያሉ። እሱ አንድ ማንጎ ገዛና ሄደ፤ እሷም ምንም ሳትገዛ በዚያው ሄደች። ብኸይታ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች።

«እሱ ሰውዬ ሞተ ይላል። እሱ ሴትዮም ሞተ ይላል» አለችኝ። «ሁለቱ በየቀኑ እኔ ጋ ይመጣል። አንድ ማንጎ፣ ለሁለት ይበላል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሙት ለንግድ ጥሩ ነው።»

እኔ ሳቋን ትቼ ቃሏን ያዝኩ። እሷም ሞቱ ብላለች። የሞተ ሰው ግማሽ ማንጎ ይበቃዋል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ ዕለት ጓድ ኤጀታ ሰው ሰብስቦ ዝርዝር አነበበ። ጓድ ኤጀታ የመንደሩ ካድሬ ነው፤ ከወለጋ የመጣ፣ ገና ጢም ያላወጣ ቀጭን ልጅ። ጠዋት ካድሬ፣ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበር። ብቻውን ያለ ሲመስለው የጸሎት ቤት መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ሰው ሲመጣ ወደ ፉጨት ይለውጠዋል። ዝርዝሩ ቅዳሜ ወደ ፓዌ የሚሄዱ ሰዎች ስም ነው፤ እዚያ አዲስ መንደሮች እየተሠሩ ስለሆነ ከየመንደሩ ሚስት የሌላቸው ወንዶች ለሥራው ይላካሉ። ስድስተኛው ስም «ካሣዬ» አለ። በዚያ ቀን የምሳ ደወል በሦስት የተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተመታ፤ ሰዉም ሦስት ጊዜ ከእርሻ ተመለሰ።

ረቡዕ ጠዋት ወንድሜን ላደርስ ስሄድ የማቆያው የጀርባ ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር አየሁ። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ናቸው፤ አንዱ ፊደል እንዲያውም ተኝቷል። እንዲህ ይላል፦ ሐሙስ ማሳ።

ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት።

«ማን ጻፈው?»

«ሙታኑ።»

«እሱን ተይው። የሚለውን ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። ጥይቶቹን ከትራሱ ሥር አወጣና ወደ ጓድ ኤጀታ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ጓድ ኤጀታ ግድግዳውን አይቶ ፊቱ ነጣ።

«ይህ የጠላት መልእክት ነው» አለ ድምፁን ቀንሶ። «ነገ ማሳውን ሊያቃጥሉት ነው።»

«በቆሎው እርጥብ ነው እኮ፣ ጓድ» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ሊነቅሉት ነው።»

በዚያው ቀን ወደ አሶሳ በሚሄድ መኪና ማስታወሻ ላከ፤ አሻጥረኞች ሐሙስ እጅ ከፍንጅ እንደሚያዙ፣ ዓርብ መጥተው ቢረከቧቸው ጥሩ እንደሆነ።

እኔ ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ያን ግድግዳ አሁን ባየው በአንድ እይታ እለየው ነበር። የመሠረተ ትምህርት ክፍሉ በየሳምንቱ አንድ አንድ የፊደል ቤተሰብ እየተማረ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ ብሎ በዚያው ሳምንት ሰ ላይ ደርሷል። ጽሑፉ ውስጥ ከዚያ ያለፈ አንድም ፊደል የለም። ጸሐፊው «ላይ እንገናኝ» ማለትም ፈልጎ ይሆናል፤ ግን ገና አልተማረውም። ጓድ ኤጀታ የፈራው የራሱን ተማሪ የቤት ሥራ ነበር።

ሐሙስ ቀትር ሳይደርስ አባቴ፣ ጓድ ኤጀታና ሌሎች ሦስት ሚሊሺያዎች ራሳቸው ላይ ቅጠል አስረው ማሳው ውስጥ ገቡ። በቆሎው ወገብ አይደርስም ነበር፤ ስለዚህ ቆመውም ተቀምጠውም አልሆነላቸውም፤ በደረታቸው ተኙ። እኔ ደግሞ ማሳው ዳር ካለ ኩይሳ ጀርባ ተደበቅሁ። ሙታኑ ማሳ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ሳላይ መቅረት አልፈለግሁም።

መጀመሪያ አያ ካሣዬ መጣና ማሳው ዳር ካለው ቀርከሃ ሥር ተቀመጠ። ቀጥላ እትዬ የወርቅውሃ፣ የምትተውለት ሰው አጥታ አንድ ሕፃን አዝላ ደረሰች። ሕፃኑ ያለቅሳል። እሷ እሹሩሩ እያለች ትወዛወዛለች።

«ቅዳሜ ይወስዱኛል» አለ።

«ሰምቻለሁ። ጆሮ አለኝ።»

«ሚስት አለኝ ብል ይተዉኛል።»

«በል ታዲያ።»

«ማናት ቢሉኝስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ነፍሷን ይማራት ስል ኖሬ? ኤጀታ ራሱ ትከሻዬን ይዞ አጽናንቶኛል። መንግሥት አታለልክ ብለው ቢያስሩኝ ማን ይጠይቀኛል?»

«እኔ እጠይቅሃለሁ።»

«አንቺ ሙት ነሽ።»

«ያደረግኸኝ አንተ ነህ» አለች። ሕፃኑን ረስታ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ለአንዲት ቅል ማር ብለህ። ማን በላው ብዬ ብጠይቅህ ዱላህን አንስተህ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደሞትኩ ቁጠሪኝ ብለህ ወጣህ። ቆጠርኩህ። ሰፋሪ የሚመዘግበው ጸሐፊ ባል አለሽ ወይ ሲለኝ ያልከኝን ነገርኩት። ምኑ ላይ ዋሸሁ?»

«አንቺም፣ እኔንም ቁጠረኝ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እኔም ቆጠርኩሽ።»

አያ ካሣዬ ከኪሱ ማንጎ አውጥቶ በመዳፉ ያንከባልለው ጀመር።

«ማሩን የበላሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ። ጢምህ ላይ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ምን ሊባባሉ እንደነበር አላውቅም፤ ጉንዳን አባቴ ሱሪ ውስጥ ገባ። አባቴ ከመሬት እንደ ተስፈነጠረ ነገር ተነስቶ የእሱ በማይመስል ቀጭን ድምፅ «እጅ ወደ ላይ» አለ።

አያ ካሣዬ እጆቹን አነሳ፤ በአንዱ ማንጎው አለ። እትዬ የወርቅውሃ አላነሳችም።

«ሕፃን አዝያለሁ፤ እንዴት አድርጌ ነው የማነሳው?» አለችው። «ደግሞ ያን ነገር ወደዚያ አዙረው፣ ታረቀኝ።»

አባቴ ታዛዥ ሰው ነው፤ አዞረው። የዞረው ግን በዚያው ቅጽበት ከነቅጠሉ ወደተነሳው ወደ ጓድ ኤጀታ ነበር። ጓድ ኤጀታ «ያ ዋቅ» ብሎ በኦሮምኛ አምላኩን ጠርቶ ተመልሶ ተኛ። እኔ ከኩይሳው ጀርባ ብቅ አልኩ።

«አባዬ አትተኩስ» ብዬ ጮህኩ። «ጥይቱ በከንቱ ነው፤ እነሱ መጀመሪያውኑ ሞተዋል።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ነገሩን ዘርዝራ የተናገረችው እትዬ የወርቅውሃ ናት፤ ሳታፍርና ሳትቸኩል። ጓድ ኤጀታ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከራሱ ቅጠል አንድ በአንድ እየነቀለ አዳመጣት። ስትጨርስ ሊያለቅስ የደረሰ መሰለኝ።

«ለአሶሳ ጽፌያለሁ» አለ። «ነገ ሰው ይመጣል። ምን ላሳያቸው? መዝገቡ ላይ ሁለታችሁም የትዳር ጓደኛ የሞተባችሁ ናችሁ። ቅጹ ላይ ሞቶ የተመለሰ የሚል ቦታ የለም።»

አያ ካሣዬ እጁን እስከዚያም አላወረደም ነበር። «እኔ ፓዌ እሄዳለሁ» አለ። «እሷን አትንኩብኝ።»

እትዬ የወርቅውሃ አንቀልባዋን ፈትታ ሕፃኑን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያኔ ሕፃኑ የከበዳት መስሎኝ ነበር።

መላውን ያመጣው አባቴ ነው፤ እግሩን እያከከ። «ጓድ» አለ፣ «ባል የሞተባት ሴትና ሚስት የሞተችበት ወንድ ቢጋቡ ቅጹ ይከለክላል?»

ጓድ ኤጀታ ብዙ አሰበ። «አይከለክልም» አለ። «እንዲያውም ለአዲስ ጋብቻ የተለየ ቦታ አለው።»

ማሳው ውስጥ የተኙት ሁሉ ላይናገሩ ተማማሉ። እኔን ያስማለኝ ጓድ ኤጀታ ነው፤ በአብዮቱ አስማለኝና ያ እንዳልበቃው ሆኖ ቀስ ብሎ በእግዚአብሔርም አስማለኝ።

ዓርብ ከአሶሳ አንድ ላንድሮቨር ሁለት ሰዎች ይዞ መጣ። አሻጥረኞች የሚረከቡ መስሏቸው ሲወርዱ ሰዉ ማንጎው ሥር ከበሮ እየመታ አገኙት። ጓድ ኤጀታ፣ ጠላት ዝግጅታችንን አይቶ እንደሸሸ ነገራቸው። እነሱም የብኸይታን ቅርጫት እስከ ግማሽ ጨርሰው ሠርጉን አይተው ሄዱ። ብኸይታ ለሙሽሮቹ ሁለት ማንጎ ሰጠቻቸው። «ዛሬ ለየብቻ ይበላል» አለች።

ሽማግሌዎቹ ምንም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እንደ ወጉ ሙሽራዋን አስነስተው ጠየቋት፦ «የሞተውን ባልሽን ከልብሽ አውጥተሽ ይህን ሰው ትቀበያለሽ?»

እትዬ የወርቅውሃ አያ ካሣዬን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«የሞተውን ከልቤ አላወጣውም» አለች። «ይሄኛውም ግን ክፉ አይመስልም።»

እናቴ አሁንም አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ሙታን ሲጋቡ በማየቴ ተደንቄ ነበር። መሞት ማለት ለባልና ሚስት የሚደርስ፣ ከዚያም የሚያልፍ አንዳች የጉንፋን ዓይነት ነገር መስሎኝ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ። የአያ ካሣዬ ስም ከዝርዝሩ ወጣ፤ ቅዳሜ መኪናው ያለ እሱ ሄደ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ባምባሲ ስሄድ ልጠይቃቸው ጎራ አልኩ። እዚያ ተዛውረው የራሳቸው ቦታ አላቸው። እትዬ የወርቅውሃ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች፤ ድምፅዋ አሁን ቀንሷል። አያ ካሣዬ ጓሮ ውስጥ ከጎረቤት ፍየል ጋር ይጣላል፤ ጆሮው እምብዛም አይሰማም። ያን ማሳ አንስቼ አሳቅኋት። ከዚያም ሁልጊዜ የሚከነክነኝን ጠየቅኋት፤ ጸሐፊው ፊት ቆሞ ባሌ ሞቷል ለማለት ንዴት እንዴት ይበቃል?

እጇ በቆሎው ላይ ቆመ።

«የምን ንዴት?» አለችኝ። «እሱ ከወጣ በኋላ ድርቁ ጠናብን። መጠለያ ስንገባ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈለግሁት፤ ድንኳን ለድንኳን፣ እያንዳንዱን የተሸፈነ ሰው እየገለጥኩ። የለም። ጸሐፊው ባል አለሽ ወይ ሲለኝ አላውቅም ማለት አቃተኝ፣ የሺሀረግ። አላውቅም ብል ነገም እፈልገዋለሁ፤ እግሬ አልቆ ነበር። ሞቷል አልኩና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ፍየሉ አጥሩን ዘሎ ሲሄድ የአያ ካሣዬ ስድብ ከጓሮ ተሰማ።

«እሱስ ይህን ያውቃል?» አልኳት።

«ምኑን ያውቃል። እስከዛሬ ለማሩ ብላ ነው የሚለው።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

ወደ ጓሮው ዞር ብላ አየችና ሌላ የበቆሎ ራስ አነሳች።

«አንቺም እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ይኮራብኛል።»